ስለ ውሻም ይጸለያል?

ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አባል ነው። ወደ ጃፓን፣ ወደ ኦኪናዋ ደሴት፣ እንድንዛወር ትእዛዝ ሲመጣለት ልጃችን አስቀድማ የጠየቀችው ስለ ትምህርት ቤቷ ሳይሆን ስለ ውሻችን ስለ ቡቺ ነበር።

ጃፓን የእብድ ውሻ በሽታ የጠፋባት አገር ናትና ሕጓ ጥብቅ ነው። ከቨርጂኒያ የሚሄድ ውሻ መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይገባለታል፤ ቢያንስ በ30 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይከተባል፤ ከዚያ ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 180 ቀን ይጠበቃል። ሳይሞላ ከደረሰ የቀረውን በኳራንቲን ይጨርሳል። ለእኛ ጉዞ የቀረው አራት ወር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ መንግሥት ለአንድ እንስሳ የውጭ አገር ጉዞ እስከ 2,000 ዶላር ይተካል፤ ቀን ግን አይተካም።

የጸሎት ርእስ ስንካፈል አንዲት እኅት ሳቀች፤ «ስለ ውሻም ይጸለያል እንዴ?» አልፈረድኩባትም፤ ያደግነው ውሻ ደጅ በሚያድርበት ቤት ነው። ወገኖቼ፣ ግን እስቲ ዘፍጥረት 8ን ክፈቱ። ውኃው ለ150 ቀን ምድርን ሸፍኖ ሳለ እግዚአብሔር ኖኅን ብቻ ሳይሆን አብረውት በመርከብ የነበሩትን እንስሳትም አሰበ። ይህን ሳነብላት ልጄ፣ «እንግዲያው ቡቺንም ያውቀዋል» አለች። ከዚያ ወዲህ ጸሎቷን ላርም አልሞከርኩም።

በኳራንቲን ብቻውን ከሚቆይ ብለን ቡቺን እኅቴ ዘንድ ትተነው መጣን። ቀኑ ሲሞላ ባለቤቴ ሄዶ ያመጣዋል። ልጄ በየማታው ጸልያ ካላንደሩ ላይ አንድ ቀን ትሰርዛለች፤ ዛሬ 61 ቀርቷል።