ጠገራ ብር፦ ከኩታበር ገበያ እስከ ሰብሳቢ ሣጥን

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በደጋው ላይ ትገኛለች። ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ አስተማሪዎች እዚህ ከመጣን ወዲህ ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ገበያ ሲያወሩ ሰምተናል። ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጠገራ ብር ላይ ይደርሳል። ማርትሬዛም ይሉታል።

በጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ኦስትሪያን ትገዛ የነበረች ንግሥት ናት። የሞተችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ነው። ገንዘቡ ግን ከሞተች በኋላም፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ 1780 እየተጻፈበት ይመታል። ለምን ቢሉ፣ የእኛም የዐረብም ነጋዴ ሌላ መልክ አልቀበልም አለ። ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን ብር አስመትተው፣ ገበያው ማርትሬዛን አልተወም። የምኒልክ ብር ጽሑፉ በፊደላችን ነው፤ አሁን ብታገኙት ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል። ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። የዛሬው ገንዘባችን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማዕድን ነው። 2002 ዓ.ም. የተጻፈበት የአንድ ብር ሳንቲም ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ብር የለበትም።

ታዲያ ብሩ የት ሄደ? ከኪስ ወጥቶ ሣጥን ገባ። በ1964 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዐፄ ዮሐንስ፣ የዐፄ ምኒልክና የንግሥት ዘውዲቱ መልክ ያለባቸው የብር ሳንቲሞች ለሰብሳቢ ተሠሩ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዱር አራዊት ተራ ደረሰ። በ10 ብሩ ላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጺማም ጥንብ አንሳ፣ በ25 ብሩ ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ዋልያ የወርቅ ደረሰው፤ ዋጋውም 600 ብር ተብሎ ተጻፈበት። በ1972 ዓ.ም. የሕፃናት ዓመት መታሰቢያ ባለ 20 ብር ወጣ። በእነዚህ ሸቀጥ የሚገዛ የለም። ሌላ አገር ይህ በየዓመቱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አሜሪካ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምራ በየዓመቱ የብር ስብስብ ትሸጣለች።

ለሰብሳቢ የሚሠራው ፕሩፍ ይባላል። መምቻው ብረት ይወለወላል፤ ሳንቲሙም ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። መደቡ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ምስሉ ውርጭ የወረደበት ይመስላል። የ10 ብሩ ፕሩፍ ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ነው። የሚያስገርመው፣ ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ነው።

አንዲት እናት የአያታቸውን ጠገራ ብር አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ነጋዴ መጥቶ ግዢልኝ ሲለኝ ስንት ልበለው?» አሉን። ለአንገት ጌጥ ተበስቷል። «እማማ፣ መጀመሪያ ይመዘን» አልናቸው። ጠርዙን በጣት ዳሰስነው፤ በዙሪያው ከፍ ከፍ ያለ ጽሑፍ አለበት፤ ትክክለኛው እንዲህ ነው። ሰብሳቢ የተበሳውን በርካሽ ይጠይቃል። ለብር አንጥረኛ ግን ቀዳዳው ምንም አይደለም፤ እሱ የሚከፍለው ለክብደቱ ነው። እሳቸውም ሰምተው፣ ብሩን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩት።