ጋሼ «ይብቃኝ» ያሉ ቀን



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ነገ አባቱ ወይም እናቱ ታመው ለሚጨነቅ አንድ ወጣት ይጠቅም ይሆናል።

ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ቤታቸው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ድንችና ገብስ እየነገዱ ስንት ነፍስ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። አምና ክረምት መግቢያ ላይ እህል አላልፍ አላቸው። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ፍትፍቱ፣ በመጨረሻ አጥሚት ብቻ ሆነ የሚወርድላቸው።

ባሕር ዳር ወስደን አስመረመርናቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑን፣ ጉበታቸው ድረስ መሠራጨቱን ነገረኝ። በየሦስት ሳምንቱ እየተመላለሱ ኬሞ ቢወስዱ ጥቂት ወራት ሊጨምርላቸው ይችላል፤ በሽታውን ግን አያጠፋላቸውም አለኝ።

እኔ ለጋሼ ምን ነገርኳቸው? «ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል» አልኳቸው። ለእሳቸው አዝኜ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የፈራሁት እኔ ነኝ።

አንድ ዙር ወሰዱ። ሳምንት ሙሉ አስመለሳቸው፤ አፋቸው ቆሰለ፤ ከሱብሒ ጀማዓ ቀሩ። ሁለተኛው ዙር ሲቃረብ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼ ቁስለት አይደለም። እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እንግዲያው ይብቃኝ። ቤቴ ልቀመጥ። መቆም ካቃተኝ ተቀምጬ ልስገድ። ዕዳዬን ልክፈል፣ ልጆቼን ልያቸው» አሉ።

ይኼን ጊዜ ነው ጥፋቱን የሠራሁት። «ጋሼ፣ ሕክምና መተው እኮ ራስን ማጥፋት ነው!» አልኳቸው። መድረሳ የተማርኩ፣ ኢማሙን የማግዝ ሰው ነኝ፤ ቃሌ ቤት ውስጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሞትን ያልፈሩት ሰው በእኔ ቃል ደነገጡ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከሱብሒ በኋላ ሸይኻችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ በቡኻሪ የተዘገበውን የሉዱድ ታሪክ አስታወሱኝ። ሉዱድ በአፍ ጎን በኩል የሚጨመር መድኃኒት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ሳሉ ቤተሰቦቻቸው ይህን ሲሰጧቸው በምልክት ከለከሏቸው። እነሱ ግን «በሽተኛ መድኃኒት ስለሚጠላ ነው» ብለው ሰጧቸው። ሲሻላቸው ይህን በማድረጋቸው ወቀሷቸው። «እንግዲህ እነዚያም የሠሩት ከፍቅር ነበር» አሉኝ ሸይኻችን።

ሌላም ጨመሩልኝ። በሚጥል በሽታ የምትሠቃየው ጥቁር ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓ አድርጉልኝ ስትላቸው ምርጫ ነው የሰጧት፦ ወይ ሰብር አድርጋ ጀነትን፣ ወይ ዱዓ ተደርጎላት መዳንን። ሰብሩን መረጠች፤ ሲጥላት ሰውነቷ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። ማንም ራስሽን አጠፋሽ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በደንብ አነበብኩ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባወጣው ውሳኔ የሕክምና ብይኑ እንደ ሁኔታው ይለያያል። መተዉ ለሕይወት መጥፋት ወይም ለአካል ጉዳት የሚዳርግ ከሆነ መታከም ግዴታ ነው። ሕክምናው ራሱ ከበሽታው የባሰ ጣጣ ያመጣል ተብሎ ከተፈራ ደግሞ የተጠላ ይሆናል። አእምሮው የተሟላ አዋቂ በሽተኛ ፈቃዱ መጠየቅ አለበት። መዳኑ ተስፋ የተቆረጠበትንም ቢሆን መንከባከብና ሕመሙን ማስታገስ አይቋረጥም።

እዚህ ላይ አደራ፣ አትሳሳቱ! ጊዜው ሳያልፍ የተገኘ የጡት ወይም የማሕፀን በር ካንሰር የጋሼ ዓይነት አይደለም። ሊድን የሚችለውን «ተወኩል አለኝ» ብሎ ቤት መቀመጥ ሰብር አይባልም፤ መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ስለዚህ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፦ ይህ ሕክምና ያድናል? ወይስ ጊዜ ይጨምራል? ስንት ያህል? በምን ዓይነት ሥቃይ?

ኬሞን መተው ሕክምናን ሁሉ መተው እንዳልሆነም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪሙ ሞርፊን አዘዘላቸው፤ በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ «አስካሪ ነው፣ ሐራም ነው» አለ። ሸይኻችን መጥተው ለሕመም፣ በሐኪም ትእዛዝና በልኩ ሲሆን እንደሚፈቀድ አስረዱ። ጋሼ ወሰዱና ያን ቀን መግሪብን ሳያቃስቱ ሰገዱ። ይህ የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህንኑ ይሠራል፤ ነርሶቹ በሽተኛው ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እናንተም ሐኪማችሁን «የማስታገሻ ሕክምና አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቆዩ። ኬሞውን ቢቀጥሉ ስንት ይቆዩ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። በሦስቱ ወር ግን ዕዳቸውን ከፈሉ፤ በድንበር የተኳረፉትን ጎረቤታቸውን አስጠርተው ዐውፍ ተባባሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አጥሚት እያፈሉ ተራ ገብተው ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ ደግፈን ወደ ሐይቁ ዳር አወጣናቸው፤ ዐስርን እዚያው ተቀምጠው ሰገዱ።

ያን ቀን ዐውፍ እንዲሉኝ ለመንኳቸው። «እኔስ ዐውፍ ብዬሃለሁ» አሉኝ፤ «ያን ያስፈራኸኝን ቃል ግን ሁለተኛ ለማንም በሽተኛ እንዳትለው።»

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። አላህ ጋሼን ይዘንላቸው፣ በሽተኞቻችንንም ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።