ገመዱን ማን ይያዝ?

በተጋባን በሃያ አራተኛ ዓመታችን ሁለቱም ልጆቻችን ከቤት ወጡ። ትንሹ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ትልቋ ደግሞ ለማስተርስ ትምህርቷ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ከተማ ሄደች። ከዚያ በኋላ እራት ላይ ከባለቤቴ ጋር የምናወራው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ «ልጁ ደወለ?» እና «ልጅቷ ደወለች?»።

ባለፈው መስከረም ልጃችንን ልንጠይቅ ስንሄድ እሷ ለካ ሌላ ነገር አስባለች። «ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ትቆያላችሁ፤ ከዚያ ስድስት ቀን ሁለታችሁ ብቻ በጀልባ» አለችን። ባለቤቴ በዕድሜው ጀልባ ነድቶ አያውቅም። እኔ ዋና አልችልም።

ካናል ዱ ሚዲ ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ እስካለው የቶ ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው። በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1666 የጀመረው ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። የሰውየው ራስ ምታት ቁፋሮው ሳይሆን ውሃው ነው። ቦዩ ከፍታ መሻገር አለበት፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ከጥቁር ተራራ የሚወርዱትን ጅረቶች ሰብስቦ፣ ሳን ፌሬዮል ላይ በግድብ አቁሮ፣ የመንገዱ ጫፍ ወደሆነው ኖሩዝ አመጣቸው። እዚያ ውሃው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው ወደ ሜዲትራኒያን። ሪኬ የራሱን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶበት፣ ቦዩ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት በ1680 ሞተ። ዩኔስኮ በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጀልባውን የተረከብነው ካስተልኖዳሪ በምትባል ከተማ ነው። ለኪራይ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አጭር ማብራሪያ ሰጥተው ቁልፉን ያስረክባሉ። አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ አለው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። በዳርቻው መንገድ በሶምሶማ የሚሮጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውለብልበውልን ቀድመውን ሄዱ።

ችግሩ ከከተማዋ ሳይወጡ ይጀምራል። ፈረንሳዮቹ ኤክሉዝ የሚሉት ነገር አለ፤ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባችሁ ይገባል፣ ከኋላ ያለው በር ይዘጋል፣ ውሃው ከፊት በኩል ይለቀቃል፣ እናንተም ከውሃው ጋር ቀስ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ከዚያ የፊቱ በር ተከፍቶ ጉዞ ይቀጥላል። የዚህ ቦይ ገንዳዎች ጎናቸው እንደ እንቁላል የጎበጠ ነው፤ ግድግዳው የአፈሩን ግፊት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ ነው። ካስተልኖዳሪ ላይ እንዲህ ያሉ አራት ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተከታትለው ይጠብቃሉ።

ኤክሉዝ ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ገመድ። ገመዱ በብረት ምሰሶው ላይ ይዞርና ጫፉ በእጅ ይያዛል፤ ጀልባው ሲወርድ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል እንጂ አይታሰርም። እኔ ታዲያ «አጥብቀሽ ያዥው» ሲለኝ እንደ በግ ገመድ ቋጥሬ አሰርኩት። ውሃው ወረደ፤ ጀልባው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ረገፉ። የበሩ ጠባቂ ሮጣ ውሃውን ባትዘጋው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም።

«ማን እሰሪው አለሽ?»

«አንተ!»

ቀጣዩ ኤክሉዝ ድረስ አልተነጋገርንም። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ጠባቂው ምሳ ላይ ነው። (በዚያ አገር ምሳ ቀልድ አይደለም፤ ቦዩ ሁሉ ለአንድ ሰዓት ይቆማል።) ዛፍ ጥላ ሥር ጀልባውን አስጠግተን ተቀመጥን። ቴሌቪዥን የለ፣ ስልክ የሚደውል የለ። ባለቤቴ የተሰበረ ሳህን እየለቀመ፣ ቀና ሳይል፣ ሐዋሳ ላይ የሁለት ዓመት ሥራ እንደቀረበለት ነገረኝ። ካወቀ ሁለት ወር ሆኖታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ? እራት ላይ ስለ ልጆቹ ነው የምናወራው።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጠባቂው መጣ፣ በሩም ተከፈተ። ተነስቼ ገመዱን ያዝኩ። ተኮራርፎ ኤክሉዝ ማለፍ አይቻልም፤ ቢያንስ «ላላ»፣ «ቆይ»፣ «ደረስን» መባባል ግድ ነው። ማታ ጀልባውን ዳር አስረን ክርክሩን ቀጠልን። በማግስቱም እንዲሁ። በስድስት ቀን የተነጋገርነውን ያህል በስድስት ዓመት መነጋገራችንን እጠራጠራለሁ፤ ሁሉም ደስ የሚል ወሬ ነበር ማለቴ ግን አይደለም።

ቦዩን ያጠሉት ፕላታን የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ናቸው፤ ወደ 42,000 ይሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በሻጋታ የሚመጣ በሽታ ተገኝቶባቸው በሺዎች የሚቆጠሩት ተቆርጠው ተቃጥለዋል። አዳዲስ ችግኞች ተተክለዋል፤ ቢሆንም ጥላ የሌለበት ረጅም መንገድ ስላለ ባርኔጣ እንዳትረሱ። ብስክሌት ተከራይታችሁ ጀልባው ላይ ጫኑ፤ ዳቦ የሚገዛው በእሱ ነው። ክረምታቸው ላይ ቦዩ ለጥገና ስለሚዘጋ ጉዞው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ቢሆን ይሻላል። የካስተልኖዳሪ መታወቂያ የሆነው ካሱሌ ነጭ ቦሎቄ ከዳክዬና ከቋሊማ ጋር የሚበስልበት ወጥ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት የማትበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካርካሶን በደረስን ቀን ጀልባችንን አስረን ወደ ጥንታዊው ከተማ ወጣን። በሁለት ዙር ግንብ የታጠረ ነው። ቱሪስቱ ግን መፈናፈኛ አይሰጥም፤ እኔ በበኩሌ ጀልባው ላይ ቡና ማፍላቱን መርጫለሁ።

ትሬብ ላይ ሦስት ተከታታይ ገንዳዎች አሉ። ባለቤቴ ከመሪው ተነሳና «አንቺ ንጂ» አለኝ። ግድግዳውን አንዴ ገጨሁት፣ በቀስታ። እሱ ከፊት ቆሞ ገመዱን እየለቀቀ እንዴት እንደሆነ ሲያሳየኝ፣ እሱም መጀመሪያ ላይ በደንብ አለማወቁ ያስታውቅ ነበር።

ኦምስ ላይ ጀልባውን ስናስረክብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ነበር፤ ከአዲስ አበባ አዳማ እንኳ አይሞላም። ልጃችን ደወለች። «አባዬ፣ አልሰመጣችሁም?»

«እናትሽ ናት የምትነዳው» አላት።

የሐዋሳው ነገር ገና አልተወሰነም። መልስ የሚጠበቅበት እስከ ጥር ነው።