ለእናቴ ቤት ስንት ዋት?

እናቴ ቤት የኩራዙ ጥላሸት ከግድግዳው አልፎ ጣሪያው ድረስ ወጥቷል። ዘንድሮ ሶላር ልገዛላት ቆርጫለሁ። ሱቅ በገባሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ "ባለ ስንት ዋት ልስጥህ?" ብለው ነው። ስሌቱ ግን ከቤቱ ነው የሚጀምረው፤ ማታ ምን ይበራል? ለስንት ሰዓት?

ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ባለ 5 ዋት አራት አምፖል ለ5 ሰዓት ሲበራ 100 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 30 ዋት የምትስብ ትንሽ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት፣ 90። ለሁለት ስልክ 30 ብይዝ ድምሩ 220 መጣ። ለበጋው ባለ 60 ዋት ፓኔል ይበቃ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ደመናው ሳይገልጥ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ባለ 100 እወስዳለሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ባትሪው ላይ ነው። ባለ 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት ሲባል 600 ዋት ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ እኔ የምቆጥረው 300 ብቻ ነው። ሊቲየሙ ይወደዳል፣ ግን ጠልቆ መውረዱን ይችላል። ገጠር ድረስ እየተመላለስኩ ባትሪ ከምቀይር እሱን መረጥኩ።

"ልጄ፣ ምጣዱንስ ይችልልኛል?" አለችኝ በስልክ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል።

"አይችልም እማዬ።"

ዝም አለች። እንጀራ ስትጋግር ዓይኗን የሚያስለቅሳት የእንጨቱ ጢስ ነው። ለእሱ ደግሞ ጢስ የሚቀንሰውን ምርት ምድጃ እያፈላለግኩ ነው።