እንሰቱ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል?

በሀገራችን «በጎ አድራጎት» የሚለው ቃል ወዲያው የሚያስታውሰን የስንዴ ከረጢትና የዘይት ጀሪካን ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ግጭት ተነሥቶ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ከፍተው ሰው አስጠልለዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከአካባቢው የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «ዶክተር፣ አባቴ ሲመለስ ቤቱ ተቃጥሎ ነበር፤ ያለቀሰው ግን ለእንሰቱ ነው» ብሎኛል። ነገሩ የሚገባው የጌዴኦን ገበሬ ለሚያውቅ ነው። እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን አደጋግፎ የሚያለማበት ጥበብ በእናት ምድሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ታዲያ የተቆረጠ እንሰት እንደገና ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ ቡናም ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። የእርዳታ ፕሮጀክት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው በወራት ነው! ዶሮና ምርጥ ዘር ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪፖርቱ ይዘጋል። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. መጠለያዎቹን ለመዝጋት ሲጣደፍ ያስጨነቀው የተመላሾች ቁጥር እንጂ ተመላሹ የሚበላው አልነበረም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ስብከትን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ ነጣጥሎ የሚረዳውን የለጋሾች አሠራር ሞግታለች። (ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።) ያ ደብዳቤ የተናገረለት ሙሉ ሰው፣ በእኔ ንባብ፣ ማሳው የማን እንደሆነ የሚያውቅና ከጎረቤቱ ጋር ገበያ የሚወጣ ሰው ነው። ዛሬ ደብዳቤውን በየጉባኤው የሚጠቅሱ ሞልተዋል፤ የመሬቱን ጥያቄ ግን «ፖለቲካ ነው» ብለው ይሸሹታል።

ሆኖም አብያተ ክርስቲያናቱ ማንም የውጭ ድርጅት የሌለው ሀብት አላቸው፤ ምእመኖቻቸው በጌዴኦም በጉጂም በኩል አሉ። በአንዱ ወገን ቡናው የተለቀመበት፣ በሌላው ወገን የለቀመው፣ እሑድ እሑድ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ዘር ከማደል በፊት እነዚህን ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስለ ማሳው ወሰንና ስለ ተለቀመው ቡና ማነጋገር፣ ከዚያም እንሰቱ እስኪደርስ ድረስ አብሮ መቆየት፣ የለጋሽ ገንዘብ ሳይጠብቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።