ገና ሳይደርስ ወደ ወንጪ

በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከውጭ የሚላኩልን የማስታወቂያ ንድፎች በረዶ የተነሰነሰባቸው ናቸው። የጥድ ዛፍ፣ ቀይ ኮፍያ፣ ሹራብ ለብሳ ትኩስ ነገር በሁለት እጇ ይዛ በመስኮት የምታይ ሴት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እነዚህን ምስሎች ለአዲስ አበባ ገበያ ማስማማት የእኔ ድርሻ ነው። በረዶውን አጠፋለሁ፣ ዛፉን እተዋለሁ፣ ከዛፉ ሥር ረከቦት አስቀምጣለሁ። ሴትዮዋ ግን ታስቀናኛለች። ምንም አትሠራም፤ ዝም ብላ ታያለች።

እነሱ «የክረምት ዕረፍት» የሚሉት ወቅት ለእኛ ክረምት እንዳልሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ በጋ ነው፤ ገና የሚውለው በጋው በገባ በአራተኛው ቀን ነው። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ሰው በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ወቅትም አይደለም። ገበሬው አውድማ ላይ፣ ነጋዴው ባዛር ውስጥ፣ የእኛ ቢሮ ደግሞ የበዓል ማስታወቂያ ላይ ነው። ከዚያ በዓሉ ራሱ ይደርሳል፤ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ እንግዳው፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋው ቴሌቪዥን። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ደግሞ አንድ ረጅም ግብዣ ናቸው። በዓል እወዳለሁ፤ ዶሮ ወጥ እየሠሩ ማሰብ ግን አይቻልም።

ስለዚህ በዚህ ሰሞን ትንሽ ጸጥታ ከፈለጉ የበዓሉን ቀን አይጠብቁ። እኔ የማውቀው ክፍተት ከታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት እስከ ገና ዋዜማ ያለው ነው። ቁልቢ የሄደው ተመልሷል። ጾሙ አልተፈታም፤ ሠርግ የለም፣ ልኳንዳው ጭር ብሏል፣ ለግብዣ የሚጠራዎት ሰው የለም። እርስዎ የማይጾሙ ቢሆኑ እንኳ ከተማው ስለሚጾም ከዝምታው ይደርስዎታል። በዚያ ክፍተት ሁለት ቀን ፈቃድ መጠየቅ ብዙ አይከብድም። ለእኔ ከአለቃዬ ይልቅ ራሴን ማሳመኑ ነበር የከበደኝ።

የሄድኩት ወንጪ ነው። ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሰበታ ወጥተው የጅማን መንገድ ሲይዙ የበቾ ሜዳ ይቀበልዎታል። ታኅሣሥ ላይ የበቾ ጥቁር አፈር ሁለት መልክ አለው፤ ጤፉ ታጭዶ በተከመረበት በኩል ወርቃማ ነው፣ ሽምብራው በቆመበት በኩል አረንጓዴ። አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ ይነሳል። መኪና የሚነዱ ከሆነ አንድ ቦታ ቆም ብለው ይመልከቱ። ለፎቶ ሳይሆን ለዓይንዎ።

ወሊሶ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ይህን መታጠፊያ የመረጥኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መጀመሪያ በኤንትሬ፣ በኋላ በአይሱዙ፣ 27 ዓመት በጅማ መንገድ ተመላልሷል። ወሊሶ ላይ ቁርስ ይበላ ነበር። ስለ ወንጪ ከሰው ሰምቶ «እዚያ ላይ ሐይቅ አለ አሉ፤ አንድ ቀን ልጆቹን ይዤ እታጠፋለሁ» ይል እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ጭነት የያዘ ሰው አይታጠፍም። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አረፈ፤ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሐውልቱ ላይ የሚጻፈውን ቃል እኔ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ ወሰነ። «ጽሑፍ ሥራዋ ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ ሥራዬ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ 11 ጊዜ ሞክሬ፣ የጻፍኩት ሁሉ የባንክ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ከወሊሶ ወደ ላይ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጠመዝማዛ ነው። እየወጡ ሲሄዱ እንሰቱ ይበዛል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮዎ ይደፈናል። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ወንጪ ጥንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ የጉድጓዱ ጠርዝ ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ሐይቁ ታች ነው፤ በመካከሉ ደሴት፣ ዙሪያውን ገደል፣ በገደሉ ወገብ ላይ የገብስ ማሳና የእንሰት ጓሮ ያላቸው ቤቶች። ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይኖራል። ይህን ነው ፎቶዎቹ የማያሳዩት። ወንጪን «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብለው የሚሸጡት ሰዎች፣ የሙያ ጓደኞቼ ማለት ነው፣ ከታች የሚጨሰውን ጎጆ ከፎቶው ይቆርጡታል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጠርዙ ላይ ይቁሙ። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሐይቁ አይታይም፣ ጉም ሸፍኖታል። መጀመሪያ ምንም ድምፅ የሌለ ይመስላል። ትንሽ ሲቆዩ ጆሮዎ ይከፈታል፤ የውሻ ጩኸት፣ የሆነች እናት ልጇን ስትጠራ፣ የፈረስ ኮቴ፣ መጥረቢያ። ሁሉም ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል እንጂ አይደራረብም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያደክመን የድምፁ ብዛት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳስብ የሚያደክመን መደራረቡ ነው። ጉሙ 3 ሰዓት አካባቢ ይነሳል። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ፤ ጋቢ ባልይዝ ኖሮ አልችለውም ነበር።

ወደ ሐይቁ በእግር መውረድም፣ ፈረስ መከራየትም ይቻላል። ሲወርዱ በእግር፣ ሲወጡ በፈረስ ቢሆን ይሻላል። ፈረሱን የሚስበው ልጅ 15 ዓመት ቢሆነው ነው። ገና ስንተያይ «አከም ቡልተኒ?» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ከዚያ ብዙ መንገድ ዝም ብለን ሄድን። አስታና ኮሶ የበዛበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዞሮ አየኝና፣

«እህቴ፣ ስልክሽ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«አልተበላሸም። አጥፍቼው ነው።»

«ታዲያ ፎቶ አትነሺም?»

«አሁን አልነሣም።»

ትንሽ አሰበ። «ካርድ ከሆነ እዚያ ሱቅ አለ» አለኝ።

እንዲህ ነው፤ ሰው ከስልኩ ርቆ ሲገኝ የቸገረው ይመስላል።

ከሐይቁ ዳር ጀልባ ወደ ደሴቱ ያሻግራል። ደሴቱ ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። የሚሳለሙ ከሆነ ነጠላ ይያዙ፤ ባይሳለሙም ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ጥድ ሥር ተቀመጥኩ። ደብተር ይዤ ነበር፤ ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ኢሜይል እከፍት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። የመጀመሪያውን ሰዓት የጻፍኩት የሥራ ዝርዝር ነው፤ ለማን እንደምደውል፣ የትኛው ንድፍ እንዳልታረመ። ይህን ስነግርዎት እርስዎም ሲሞክሩት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ራስ ውስጥ የተከማቸው ትርፍ ነገር ሳይወጣ ሌላው አይወጣም። እንዲወጣ ይተዉት፣ ገጹን ይገልብጡት። ከዚያ ምንም የማይጻፍበት ጊዜ አለ፤ ይሄኛው ይረዝማል፣ ይሰለቻል፣ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ያልሄድኩት ጀልባው ስላልተመለሰ ነው።

ከዚያ ስለ አባቴ ሳይሆን ስለ መንገዱ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ግቤ ቁልቁለት። ሌሊት ላይ ደውሎ «ገብቻለሁ» ስለሚለው ነገር። በቤታችን የዚያ ስልክ ትርጉም አንድ ነበር፤ አልተገለበጠም፣ ሰውም አልገጨም። እናቴ ያንን ቃል ሳትሰማ አትተኛም ነበር። ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጅማን መንገድ 27 ዓመት ነድቶ፣ ማንንም ሳይገጭ ቤቱ ገባ።» አንዴ ብቻ ጻፍኩት፤ አላረምኩትም።

ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ አልወደደውም፤ ለሐውልት የሚሆን አይደለም፣ ጥቅስ ይሁን አለ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እሱን ነው» አለች። አሁን ሐውልቱ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ጥቅሱ ከላይ፣ መንገዱ ከታች።

ወንጪ ምሥጢር አይደለም። በፈረንጆቹ 2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ከተመረጡት ሦስት ቦታዎችም አንዱ ነው፤ ሎጅ ተሠርቶለታል። ይህ ለፈረስ አከራዩ ልጅ ሥራ ነው፣ እሱን ማቃለል አልፈልግም። ሕዝብ ሲበዛ ግን ድምፁም ይበዛል። ቅዳሜና እሑድ መጥተው ስፒከር የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፤ እንግዲህ የሐይቁን አፍ ታስቡታላችሁ፣ የአንዱ ዘፈን ለሁሉም ይደርሳል። እኔም ይህን ጽፌ እርስዎን ስልክ ያሉት ሰዎች ቁጥር ላይ አንድ እየጨመርኩ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ይሂዱ፣ ሙዚቃዎን ጆሮዎ ውስጥ ያስቀሩት።

ልጆች ካሉዎት ይዘዋቸው ይሂዱ። ልጅ ጸጥታ ያደፈርሳል የሚለው ብዙም እውነት አይደለም፤ ያን ያህል ቁልቁለት የወረደ ልጅ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ድንጋይ እየወረወረ ዝም ይላል። አንድ ሌሊት ለማደር ወሊሶ ይበቃል። መመለሻዎን በአምቦ በኩል ቢያደርጉት ደግሞ በመጡበት መንገድ ሳይደግሙ ዙሩን ይዘጋሉ። ከመውጣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

ጋቢ፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ጫማ ይያዙ። ፀሐዩ ስለሚያታልል ኮፍያም አይርሱ። ዝርዝር ብር ከአዲስ አበባ ይዘው ይውጡ፤ ፈረሱም ጀልባውም የሚከፈለው በእጅ ነው፣ መልስ ደግሞ አይገኝም። የፈረሱን ዋጋ ሳይወጡበት ይነጋገሩ። ማር የሚሸጡልዎት ከሆነ ቀምሰው ይግዙ። በወሊሶ በኩል ከተመለሱ ደግሞ በቾ ላይ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት የያዙ ልጆች ያገኛሉ። ሁለት እቅፍ ይግዙ፤ አንዱ ሰበታ ሳይደርስ ያልቃል።