የጉሎ ቅጠልና የአቡሽ ገንፎ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አዳሚ ቱሉ ስገባ ከሻንጣዬ ሌላ አንዲት የካርቶን ሳጥን ይዤ ነበር። ውስጧ ወረቀት ላይ የተጣበቁ ሁለት መቶ ያህል የሐር ትል እንቁላሎች አሉ። መምህራችን «ቤታችሁ አሳድጓቸውና ያያችሁትን መዝግቡ» ብለው የሰጡን ናቸው። እማዬ ሳጥኗን ከፍታ አየችና «አንተ ልጅ፣ ሰው ከኮሌጅ ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ አንተ ትል ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

የሐር ትል ነገር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲመራመርበት ቆይቷል። ኤሪ የሚባለው ዝርያ ዋነኛ ቀለቡ የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ ደግሞ እኛ ሰፈር ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ስለዚህ «የምግብ ችግር የለብኝም» ብዬ ነበር ሥራውን የጀመርኩት።

እንቁላሎቹ በዘጠነኛው ቀን ተፈለፈሉ። ትሎቹ የክር ቁራጭ ያክላሉ። እኔም «ይጥገቡ» ብዬ ሰፋፊውንና ወፍራሙን ቅጠል መርጬ ዘረጋሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ያህሉ ሞተው አገኘኋቸው። ቅጠሉ ግን እንዳለ ነው፤ ጫፉ እንኳ አልተነካም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፀረ ተባይ ነበር፤ አካባቢያችን አትክልት የሚለማበት ነውና ብዙ ይረጫል። ቅጠሉን የቀጠፍኩት ግን ከራሳችን ጓሮ ነው። ደብተሬን ገልጬ ሳነብ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አረፈው። አዲስ የተፈለፈለ ትል ጠንካራ ቅጠል መቁረጥ አይችልም፤ ከተክሉ ጫፍ የተቀጠፈ ለጋ ቅጠል፣ ያውም ተከትፎ ነው የሚሰጠው። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ አምስት የዕድገት ደረጃ ያልፋል። ወደ በሰለው ቅጠል የሚሸጋገረውም ከዕድገቱ ጋር ነው። አብዛኛውን ቀለቡን የሚበላው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲሆን ያን ጊዜ ሌሊትም ቅጠል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። ትሎቼ ግን በቅጠል ተከበው በረሃብ ሞቱ።

በዚያው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጣች። የእህቴን ልጅ፣ የስምንት ወሩን አቡሽን፣ ክንዱን በመለኪያዋ ስትለካው ቢጫው ላይ ዋለ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው ማለት ነው፤ ከ11.5 በታች ሲሆን ቀይ ይሆናል። እህቴ አለቀሰች። «ምን ያላደረግኩለት አለ? ጡቴን ሳልነሳው በቀን ሦስቴ አጥሚት ይጠጣል እኮ!» አለች። እውነቷን ነው፤ አቡሽ ሆዱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አጥሚቱ ግን በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የቀጠነ፣ ከዱቄቱ ውኃው የበዛ ነበር። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በውኃ ከሞላች ለምግብ ቦታ አይኖራትም። ወዲያው ሳጥኔ ትዝ አለችኝ። እኔ ለትሎቹ ከአቅማቸው በላይ የጠነከረ ሰጠሁ፤ ለአቡሽ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ የቀጠነ ሰጠነው። ሁላችንም የሰጠነውን እንጂ የበሉትን አላየንም።

ከዚያ በኋላ ኩሽናችን ላቦራቶሪ ሆነ። ሠራተኛዋ እንዳስረዳችን ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር መጠንን። እህሉ ስንዴና በቆሎ፣ ጥራጥሬው የአገራችን ቦሎቄ ነው። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፈን፣ ጠዋት አሽተን ገለባውን አወጣንና አድርቀን፣ ቆልተን አስፈጨነው። ገንፎው በደንብ ይበስላል፤ ከማንኪያ ላይ በቀላሉ የማይፈስ መሆን አለበት። ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፤ አንድ ቀን እንቁላል፣ ሌላ ቀን አጥንቱ በጥንቃቄ የተለቀመ የዝዋይ ቆሮሶ ተፈጭቶ ይገባበታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረው ፋፋም እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር የመመጠን ሥራ ነው፤ ስሙ ራሱ ምኞቱን ይናገራል።

አያቴ ግን «ወፍራም ነገር ያንቀዋል!» ብላ ተቆጣች። አቡሽም መጀመሪያ ተፋው። በማግስቱም ተፋው። እህቴ ጡጦውን ደብቃ በትንሽ ማንኪያ፣ እየጠበቀች፣ እያጫወተች ቀጠለች። በሳምንቱ ማንኪያዋን ሲያይ አፉን መክፈት ጀመረ። ይኼን ያየችው አያቴ «እስቲ እኔ ላጉርሰው» አለች።

የተረፉት ትሎች በለጋ ቅጠል አድገው የሐር ጎጇቸውን ሠሩ። እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቢራቢሮ የሚመስሉ ትልልቅ የእሳት እራቶች ሆነው ወጡ። እማዬ «ምን እናብላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም! ክንፍ ካወጡ በኋላ አይበሉም፤ የሚበሉበት አፍ የላቸውም። የሚኖሩት ጥቂት ቀን፣ የሚጥሉት እንቁላልም፣ በትልነታቸው ከበሉት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ወደ አቡሽ ተመለከተች።

ሰው እንደ እሳት እራት አይደለም፤ ነገም ይበላል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለው ዕድገት በኋላ በቀላሉ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ሆዳቸው በቀጭን አጥሚት እየተሞላ ያደጉ እንደ አቡሽ ያሉ አይጠፉም።

ወደ ኮሌጅ ከመመለሴ በፊት የአቡሽ ክንድ ዳግም ተለክቶ አረንጓዴው ላይ ደረሰ። እኔ ደግሞ ለመምህራችን ያስረከብኩት መዝገብ የመጀመሪያ ገጹ ላይ የሞቱት ትሎች ቁጥር ሰፍሯል፤ አልሰረዝኩትም። እናንተም የክፍላችን ተማሪዎች፣ ነገ ገበሬ ዘንድም ሆነ እናት ዘንድ ስትሄዱ «ምግብ አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ተበላ ወይ?» በሉ።